ባለፈው ሲያቆም ምን ሆኖ ነበር?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

መጠጥ በድንገት ሲቆም በሰውነት ላይ ስለሚመጣው ጣጣ በርከት ያሉ ደብዳቤዎች ደርሰውናል። ብዙዎቹ ስለሚመሳሰሉ አምስቱን መርጠን የጸሐፊዎቹን ማንነት ሳንጠቅስ መልሰናል። የመጀመሪያው መልስ ረዘም ይላል፤ የቀሩትም በእሱ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸውና።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ታላቅ ወንድሜ 44 ዓመቱ ነው። 15 ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሲጠጣ ኖሯል፤ አሁን አልኮሉ 40 በመቶ የሆነ መጠጥ በቀን ግማሽ ሊትር ይጨርሳል። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ በራሱ አቁሞ ነበር። በመጀመሪያው አላበው፣ እንቅልፍ አጣ፣ ከዚያ አለፈለት። በሁለተኛው ግን በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጣለውና አንፈራገጠው፤ ምላሱንም ነከሰ። አሁን «ከሰኞ ጀምሮ በቃኝ» ብሏል። ደስ ብሎኛል፤ ግን ፈርቻለሁ። መፍራቴ ተገቢ ነው?

መልስ፦ ተገቢ ነው። ከጻፉልን ሁሉ ያሳሰበን ግማሽ ሊትሩ አይደለም፤ «በሁለተኛው ግን ጣለው» ያሉት ነው። መጠጥ ሲያቆም ክፉኛ የሚታመመው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ከሚጠቁሙ ነገሮች ሁሉ ትልቁ፣ ያ ሰው ባለፈው ሲያቆም የደረሰበት ነው። አንድ ጊዜ የጣለው ሰው ወይም አንድ ጊዜ ተቃዥቶ የማያውቀውን ያወራ ሰው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ያው ወይም የባሰ ሊደርስበት እንደሚችል ተቆጥሮ መያዝ አለበት።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። አልኮል አእምሮን ያረግባል። ጋባ የሚባለውን የአእምሮ ማርገቢያ ኬሚካል ሥራ ያጠናክራል፤ ግሉታሜት የሚባለውን አነቃቂ ደግሞ ያፍናል። መጠጡ በየቀኑ ሲመጣ አእምሮ ዝም ብሎ አይቀበለውም። ሚዛኑን ለመጠበቅ ሲል ለማርገቢያው የሚሰጠውን ምላሽ ይቀንሳል፣ የአነቃቂውን ተቀባዮች ያበዛል። ሁለት ሰዎች አንድን በር ከውስጥና ከውጭ ሲገፉ ያስቡ። አንደኛው በድንገት ቢለቅ ሌላው በገዛ ጉልበቱ ይደፋል። መጠጡ በአንድ ቀን ሲቆም የሚሆነውም ይኸው ነው፤ የሚገፋው ጠፍቶ የተጠራቀመው መነቃቃት ብቻውን ይቀራል። መንቀጥቀጡ፣ ላቡ፣ የልብ ምት መፍጠኑ፣ የደም ግፊት መጨመሩ፣ መጣሉም ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው።

ታዲያ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ለምን ከፋ? አንድ ጊዜ የከሰለ እንጨት በትንሽ ፍም ይያያዛል። አእምሮም ከአንድ ከባድ መነቃቃት ሲወጣ ለሚቀጥለው ይበልጥ ስሱ ይሆናል። ባሌንጀርና ፖስት የተባሉ ሐኪሞች ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1978 ካቀረቡ ወዲህ በተደጋጋሚ ተጠንቷል። በተግባር ሲታይ፣ ብዙ ጊዜ አቁሞ ብዙ ጊዜ የተመለሰ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚያቆመው ይልቅ ለመውደቅ ይቀርባል፤ የሚጠጡት መጠን አንድ ቢሆን እንኳ። ስለዚህ «ከዚህ በፊት አቁሞ ያውቃል፣ ይችለዋል» የሚለው የቤተሰብ ማጽናኛ የተገለበጠ ስሌት ነው።

ሌሎቹን የአደጋ ምልክቶች በወንድምዎ ላይ አንድ በአንድ ይፈትሹ። ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሳ ምንም ሳይጠጣ እጁ ይንቀጠቀጣል? ለማረጋገጥ ሁለቱን ክንዶቹን ወደፊት ዘርግቶ ጣቶቹን እንዲፈታ ያድርጉ፤ በጣቶቹ ላይ አንድ ወረቀት ቢያስቀምጡበት ዳርና ዳሩ ሲርገበገብ ያዩታል። ሰውነቱን ለማረጋጋት ጠዋት የሚጠጣ ከሆነ አካሉ በየሌሊቱ ከመጠጥ መራቅ እየጀመረ ነው ማለት ነው። ከዚህም የሚከፋው ገና ትንፋሹ መጠጥ መጠጥ እየሸተተ፣ በደሙ ውስጥ አልኮል እያለ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ነው። ይህ ዝቅ ያለው መጠን እንኳ እንዳልበቃው ያሳያል፤ ሐኪሞችም እንደ ከባድ ማስጠንቀቂያ ያዩታል።

ከዚያ በኋላ የሚመጡት፦ ዕድሜ መግፋት፤ በተለይ ከ65 በላይ። አብሮ ያለ ሕመም፣ ለምሳሌ የሳንባ ምች ወይም ሌላ ኢንፌክሽን፣ የጉበት ወይም የልብ በሽታ። ከዚህ በፊት በጭንቅላት ላይ የደረሰ ከባድ ጉዳት። የእንቅልፍ ወይም የጭንቀት ክኒን ከመጠጡ ጋር መውሰድ። በደም ምርመራ ላይ የፖታሲየም፣ የማግኒዚየም ወይም የፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዱ ሴሎች) ማነስ። ሕመሙ በጀመረበት ሰዓት የልብ ምቱና የደም ግፊቱ በጣም ከፍ ብሎ መገኘት። ጤና ተቋማት ከእነዚህ አንዳንዶቹን ከሌሎች ጥያቄዎች ጋር ሰብስቦ የሚመዝን ፓውስ የሚባል የ10 ነጥብ መጠይቅ አላቸው፤ 4 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው ለከባድ ሕመም የተጋለጠ ተብሎ ይያዛል።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ የፈቃድ ጥንካሬ የለም። ጠንካራ ሰው አይንቀጠቀጥም የሚል እምነት ሰዎችን ቤት አስቀምጦ ይጎዳል፤ የሚጥለው ነርቭ እንጂ ልብ አይደለም።

አሁን ወደ ሰኞ እንምጣ። ወንድምዎ የመጨረሻውን ብርጭቆ እሑድ ማታ 4 ሰዓት ላይ ጠጣ እንበል። መንቀጥቀጡ፣ ላቡ፣ ማቅለሽለሹና ጭንቀቱ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ ማለትም ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት። የመጣል አደጋው እስከ 48 ሰዓት ድረስ ነው፤ ይህም እስከ ማክሰኞ ማታ 4 ሰዓት ይዘልቃል። አንዳንዶች በመጀመሪያው ቀን የሌለ ድምፅ ይሰማሉ ወይም በግድግዳው ላይ ነፍሳት ሲርመሰመሱ ያያሉ፤ ግን ማንነታቸውንና ያሉበትን አይስቱም። በጣም አደገኛው ዴሊሪየም ትሬመንስ የሚባለው ነው፤ ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በዚህ ምሳሌ ከማክሰኞ ማታ እስከ ሐሙስ ማታ ይመጣል። ሰውየው ቀኑንና ቦታውን ይስታል፣ ቤተሰቡን አይለይም፣ ይተኩሳል፣ ልቡ ይጋልባል። ሕክምና ባልነበረበት ዘመን ከሦስት ሰው አንዱን እስከ መግደል ይደርስ ነበር፤ ዛሬ በወቅቱ ከታከመ የሚሞቱት ከ100 ሰው ከ5 ያንሳሉ። ይህን ያህል ልዩነት ያመጣው በጊዜ መድረስ ነው።

ስለዚህ ምክራችን ግልጽ ነው፦ ሰኞ ቤት ውስጥ አያቁም። ጥሎት የሚያውቅ ሰው ተኝቶ መታከም ይገባዋል። ከሰኞ በፊት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ እስከዚያ ድረስ መጠጡን በአንድ ጊዜ እንዳይቆርጥ። ለሚወድዎት ወንድም «ትንሽ ቆይ» ማለት እንዴት እንደሚከብድ እናውቃለን፤ ቀጠሮውን ለዚሁ ሳምንት ያስይዙና ቆራጥነቱን ወደዚያ ይውሰዱት።

ለሐኪሙ የሚነግሩትን በወረቀት ይጻፉ፦ በቀን ስንት እንደሚጠጣ፣ ለስንት ዓመት፣ የመጨረሻውን ብርጭቆ ሰዓት፣ ስንት ጊዜ እንዳቆመ፣ የጣለው ካቆመ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሆነ፣ የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ። ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ ዲያዜፓም ወይም ክሎርዲያዜፖክሳይድ ያዛል፤ ጉበቱ የተጎዳ ከሆነ ሎራዜፓም ይመረጣል፣ ጉበትን ብዙ ሳያስቸግር ከሰውነት ይወጣልና። እነዚህ መድኃኒቶች መጠጡ ይሠራ የነበረውን የማርገብ ሥራ ተክተው በቀናት ውስጥ ቀስ እያሉ ይቀነሳሉ። በራስ እጅ ከመጠጥ ጋር ቢወሰዱ ግን ትንፋሽ ሊያቆሙ ይችላሉ። ቲያሚን ወይም ቫይታሚን ቢ1 እንዲሰጠው ይጠይቁ፤ ግሉኮስ የሚሰጠው ከሆነ ቲያሚኑ ቀድሞ ወይም አብሮ ቢገባ ይመረጣል። በጠጪ ሰው አካል ውስጥ ይህ ቫይታሚን ያልቃል፤ ስኳሩ ብቻውን ሲገባ የቀረችውን ጥቂቷን ስለሚጨርስ ቨርኒኬ የሚባል የአእምሮ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል።

ከዚያ በፊት ድንገት ቢጥለው፦ ሰዓት ይያዙ። ጠንካራና ስለታም ነገር ከአጠገቡ ያርቁ፣ ጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር ያድርጉ፣ ሲረጋጋ በጎኑ ያስተኙት። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም ጨርቅም አያስገቡ፤ ክብሪት ጭሮ ማሽተትም ጥቅም የለውም። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወዲያው አምቡላንስ ይጥሩ። በአንድ ደቂቃ ቢያልፍለት እንኳ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ አለበት፤ አንዱ ሌላውን ይጠራልና።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ቢራ ብቻ ነው የሚጠጣው። ማታ ማታ 8 ጠርሙስ፤ ጠዋት ጠጥቶ አያውቅም። አምና ለሁለት ሳምንት አቁሞ እንቅልፍ ከማጣት በቀር ምንም አልሆነም። ቢራ እንደ ጠንካራው መጠጥ አይደለም ይባላል፤ ቤት ውስጥ ሊያቆም ይችላል?

መልስ፦ «ቢራ ብቻ» የሚለውን ወደ ግራም እንመንዝረው። 330 ሚሊ ሊትር ሆኖ አልኮሉ 5 በመቶ የሆነ አንድ ጠርሙስ 13 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል አለው። ስምንቱ 104 ግራም ይሆናል። ከላይ የተጠቀሰው ግማሽ ሊትር ጠንካራ መጠጥ 158 ግራም ነው። አንሷል፤ ግን ትንሽ አይደለም። አእምሮ ግራሙን እንጂ ጠርሙሱን አያውቅም።

ሕመሙ የሚመጣው መጠጡ ንጹሕ ስላልሆነ ወይም ሰውየው በደንብ ስለማይበላ ነው የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1955 ኢዝቤልና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ይህን ጥያቄ ዘግቶታል። በጎ ፈቃደኞች በቂ ምግብና ቫይታሚን እያገኙ አልኮል ተሰጣቸው። ከ48 እስከ 87 ቀን ጠጥተው ያቆሙት ላይ መንቀጥቀጥ መጣ፣ አንዳንዶቹን ጣላቸው፣ አንዳንዶቹ ቃዡ፤ ቀደም ብለው ያቆሙት ላይ ግን ቀለል አለ። ሳምንታት የሚቆይ የየዕለት ብዙ መጠጥ በቂ ነው፤ ዓመታት አያስፈልጉም።

ባለቤትዎ ግን ሁለት መልካም ነገሮች አሏቸው፦ ጠዋት አለመጠጣታቸውና አምና ሲያቆሙ ያለችግር ማለፋቸው። በሐኪም ታይተው ቤት ውስጥ ሊያቆሙ የሚችሉት፣ ጥሏቸውም ቃዥተውም የማያውቁ፣ ሌላ ከባድ ሕመም የሌለባቸው፣ የማርገቢያ ክኒን የማይወስዱ ከሆነና በመጀመሪያዎቹ 4 ቀናት ያልጠጣ ሰው ሌት ተቀን አብሯቸው ካለ ነው። ጤና ባለሙያ በየቀኑ ቢያያቸው መልካም ነው። ያ ጠባቂ ሰው እርስዎ ከሆኑ፣ ጠዋትና ማታ የልብ ምታቸውን ለአንድ ደቂቃ ቆጥረው ይመዝግቡ። ዕረፍት ላይ ሆነው በደቂቃ ከ100 እያለፈ ከሄደ፣ ከተኮሳቸው፣ ከተደጋጋሚ ትውከት የተነሳ ውኃ መያዝ ካቃታቸው፣ ወይም ንግግራቸው ከተምታታ ማታም ቢሆን ይውሰዷቸው።

በአንድ ቀን ከመቁረጥ ቀስ በቀስ መቀነስ ይሻላል ብሎ ሐኪሙ ከመከረ፣ አንድ ሳምንት የሚጠጡትን በትክክል ይመዝግቡና ከዚያ በየጥቂት ቀኑ ከአንድ አሥረኛ ያልበለጠ ይቀንሱ። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ወይም ሲያልባቸው እዚያው መጠን ላይ ይቆዩ፤ ምልክቱ ሲያልፍ ይቀጥሉ። ብዙዎች የሚሳሳቱት «ዛሬ ደህና ነኝ» ብለው በአንዱ ቀን ግማሹን ሲጥሉ ነው።

ጥያቄ፦ 58 ዓመቴ ነው። ከ10 ቀን በኋላ የሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና አለኝ። በየቀኑ እንደምጠጣ ለሐኪሙ አልተናገርኩም፤ አፍሬ ነው። ከዋዜማው ቀን ጀምሬ ብተወው ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም፤ ይባስ ብሎ መጥፎውን ሰዓት ሆስፒታል አልጋ ላይ ያሳልፉታል። በዋዜማው ቢያቆሙ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ከቀዶው ማግስት ጋር ይገጥማል። ማደንዘዣውና የሕመም ማስታገሻው የመጀመሪያዎቹን ምልክቶች ይሸፍናሉ፤ ከዚያ ድንገት መደናገር ይመጣል። ታማሚው የደም ሥር መርፌውን ይነቅላል፣ ከአልጋ ይወርዳል፣ ቁስሉ ይፈታል። ያልተነገራቸው ሐኪሞች ደግሞ መንስኤውን ከኢንፌክሽን ወይም ከማደንዘዣው ሲፈልጉ ሰዓት ይነጉዳል።

ዛሬውኑ ስልክ ደውለው ለቀዶ ሐኪሙና ለማደንዘዣ ባለሙያው መጠኑን በቁጥር ይንገሩ፤ «አልፎ አልፎ» አይበሉ። ቀጠሮው የማያስቸኩል ከሆነ ሳምንታት አራዝመው በሕክምና እየታገዙ አስቀድመው ማቆሙ ከሁሉ ይሻላል፤ ቁስሉም ደህና ይድናል፣ የኢንፌክሽንና የመድማት አደጋውም ይቀንሳል። ከገቡ በኋላ ነርሶቹ መንቀጥቀጥዎን፣ ላብዎን፣ ጭንቀትዎን እያዩ ነጥብ ይሰጣሉ፤ በ10 መመዘኛ ተለክቶ እስከ 67 የሚደርስ ነው። ነጥቡ የሚያሳየው ያለዎትን ሁኔታ እንጂ የሚመጣውን አይደለም። በመጀመሪያው ምሽት 5 ነጥብ ማምጣትዎ ነገን አይናገርም፤ ልኬቱ በየጥቂት ሰዓቱ መደገም አለበት። ማፈርዎ ይገባናል። ይህ መረጃ ግን ለአለርጂ ጥያቄ ከሚሰጡት መልስ እኩል ነው፤ ሲጎድል በሽተኛ ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ለደም ግፊት ፕሮፕራኖሎል፣ ለእንቅልፍ ዲያዜፓም እወስዳለሁ። ሁሉንም በአንድ ላይ ትቼ ንጹሕ መሆን እፈልጋለሁ።

መልስ፦ እባክዎ በአንድ ላይ አይተዉ። ዲያዜፓም በዚያው የጋባ መንገድ የሚሠራ ነው፤ ከመጠጡ ጋር አብሮ ሲቆም አእምሮ ሁለት ድጋፍ በአንድ ቀን ያጣል፣ የመጣል አደጋውም ይጨምራል። ከዚያም በላይ ዲያዜፓም ከሰውነት ቀስ ብሎ ስለሚወጣ የእሱ ጣጣ ሳምንት ቆይቶ ሊመጣ ይችላል፤ የመጠጡ ቀናት አለፉ ብለው በተዘናጉበት ጊዜ። መጠጡ በቅድሚያ፣ ክኒኑ በኋላ፣ በሐኪም እጅ፣ በሳምንታት እየተቀነሰ ይቁም።

ፕሮፕራኖሎል ሌላ ዓይነት ችግር አለው። የልብ ምቱን ያዘገያል፣ እጁንም ያረጋጋል፤ ስለዚህ ከውጭ የሚያይዎት ሰው ደህና ይመስሉታል። መጣልንና መቃዠትን ግን አይከላከልም። እሱንም በድንገት ማቆም ለልብ አደገኛ ነው። እየወሰዱ ይቀጥሉ፤ የሚከታተልዎት ባለሙያ ግን የልብ ምትዎን ብቻ ቆጥሮ እንዳይሸኝዎ መድኃኒቱን አስቀድመው ይንገሩት።

ጥያቄ፦ ካቆምኩ አራተኛ ቀኔ ነው። መንቀጥቀጡ ቀንሷል፣ እንቅልፍ ግን የለም። አመለጥኩ ማለት ነው?

መልስ፦ የመጣል ሰዓቱ በአብዛኛው አልፎልዎታል። የመቃዠቱ ጊዜ እስከ 96 ሰዓት፣ አንዳንዴም ትንሽ አልፎ ስለሚሄድ ዛሬና ነገ ብቻዎን አይደሩ። ቀንዎና ቦታዎ ከተምታታብዎ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ የሌለ ነገር ካዩ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ነገሮች ለሁለት ከታዩዎት፣ ዓይንዎ በራሱ ከተርገበገበ ወይም ሲራመዱ እንደ ሰከረ ሰው ከተንገዳገዱ ቲያሚን በደም ሥር ያስፈልግዎታል፤ ይህ ቀጠሮ የሚያዝለት አይደለም፣ ሰዓታት ይቆጠራሉ።

የእንቅልፍ ማጣቱና የጭንቀቱ ነገር ለሳምንታት ሊዘልቅ ይችላል፤ አደገኛ ባይሆንም ብዙዎችን ወደ ብርጭቆው የሚመልሰው እሱ ነው። እንቅልፍ ለማምጣት ብለው ከሰው የተገኘ ክኒን አይውሰዱ፤ ሐኪም ያናግሩ።

አንድ ነገር ዛሬ ያድርጉ። ገና ከአእምሮዎ ሳይጠፋ የመጨረሻውን ብርጭቆ ቀንና ሰዓት፣ መንቀጥቀጡ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደጀመረ፣ በየትኛው ሌሊት እንደከፋ፣ ምን መድኃኒት እንደወሰዱ በአንድ ወረቀት ጽፈው ከሕክምና ካርድዎ ጋር ያስቀምጡ። ይህ ስንተኛ ማቆምዎ እንደሆነም ይጨምሩበት። ወደፊት በማንኛውም ምክንያት ሆስፒታል ቢገቡ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ያ ወረቀት ነው።